በድሃ ደንብ የገባች ላም

ነቀምቴ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ታዛ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለኝ። አንዱ ወንበር የእኔ ነው፣ ሌላው የባለጉዳይ። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። በከተማው ይህን ሥራ የምንሠራ ጥቂት አይደለንም። እኔን ከሌሎቹ የሚለየኝ ሴት መሆኔና፣ ባለጉዳዮች እንደሚሉት፣ ማክረሬ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። የቸኮለ ሰው እኔ ዘንድ አይመጣም።

ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ተዳርኩ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ተፋታሁ፣ በሃያ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ አላመለጠኝም። እስከ ሕግ ዲፕሎማ ድረስ ስደርስ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍ የሚለውን አብዝቶ ያምናል መሰለኝ። እኔ እንደዚያ ነኝ። ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር። አፋን ኦሮሞን ግማሹን ከገበያ፣ ግማሹን ከመዝገበ ቃላት ተማርኩት። የመዝገበ ቃላቱን አከብር ነበር፣ የገበያውን ግን ለሽንኩርት መግዣ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ይህ አስተሳሰብ አንዲትን ሴት ቤት አልባ ሊያደርጋት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው የገባኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማረሚያ ቤት እሄዳለሁ። ወደዚያ የወሰደችኝ የሴቶቹን ግቢ የምትጠብቅ አንዲት ሳጅን ናት፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትስቅ ከበሩ ማዶ የምትሰማ ሴት። ለእህቷ ጉዳይ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ሳለ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ስደግመው አየችኝ።

"በርሲስቱ፣" አለችኝ፣ መምህርቷ ማለቷ ነው፣ "እኛ ጋ ነይ። እኛ ጋ ጊዜ ሞልቷል። እስኪበቃሽ ትደልዣለሽ።"

ስሄድ የጠበቀኝ ሥራ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር። የንብረት ክርክር ይግባኝ ለመክፈት የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል፤ ክፍያው ደግሞ በንብረቱ ግምት ልክ ነው። እስረኛ ለሳሙናም የሰው እጅ ነው የሚጠብቀው። ለዚህ ሕጉ አንድ በር ትቷል፤ በድሃ ደንብ ይባላል። መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት አንድ ሳያስቀር ዘርዝሮ፣ በመሃላ አረጋግጦ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ ካመነው መዝገቡ ያለ ክፍያ ይከፈትለታል። በሩ ትልቅ በር ነው። ግን የሚገባበት በወረቀት ነው፣ ወረቀቱን ደግሞ አንድ ሰው መጻፍ አለበት።

ከነዚያ ማክሰኞዎች በአንዱ ሳጅኗ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት አመጣችልኝ። ወላጆቿ ከወሎ ወደ ጊዳ አያና የመጡ ሰፋሪዎች ነበሩ፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው አግብታ፣ ባሏ ሞቶባታል። የታሰረችው የባሏን ወንድም በዘነዘና መታ እጁን ስለሰበረች ነው። ይህን አልካደችም።

"ለእጁ ታስሬያለሁ፣" አለችኝ ገና ሳልጠይቃት። "ቅጣቴን እየጨረስኩ ነው፣ ሐቁ ነው። ቤቱ ግን ምን አደረገው?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሷ እንደታሰረች ሰውዬው ከሟች ባሏ ጋር የሠሩት የመንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት የወንድሜ ውርስ ነው ብሎ ከሰሳት። አድራሻዋን ያንኑ ቤት አድርጎ አስመዘገበ። መጥሪያው በተዘጋው በር ላይ ተለጠፈ። እሷ ነቀምቴ ማረሚያ ቤት ሽሮ እየበላች፣ እዚያ በሌለችበት ተፈረደባት። የሰማችው ከወራት በኋላ አዲስ ከመጣች እስረኛ አፍ ነው። እዚያው የፈረደው ፍርድ ቤት ነገሩን እንዲያነሳላት የምታመለክትበት ጊዜ አልፏል። የቀረው ይግባኝ ብቻ ነበር፣ እሱም ቀኑ እየነጎደ ነበር።

ቅጹን ዘረጋሁ።

"ቤት?"

"አለኝ፤ እሱን አይደል የምንከራከረው።"

"ከእሱ ሌላ?"

"ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንዱ እዚህ ነው። አንድ ብረት ድስት። ዘነዘናው ኤግዚቢት ተይዟል።"

"እሱን አትጻፊው በርሲስቱ፣" አለች ሳጅኗ ከጀርባችን፣ "መልሱልኝ ትላለች።"

"ከብት?"

"አንድ ላም አለች። የርቢ ናት።"

"የት ናት አሁን?"

"እኔ እዚህ ስገባ ጎረቤቴ ወሰዷት። እሳቸው ዘንድ ናት።"

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ተያት ላሟን። ላም ያላት ድሃ ማን ያምናል?" አለችኝ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "ወላሂ ብዬ ልፈርም አይደለም እንዴ እታለም? ወላሂ ካልኩማ ላሚቱም ትገባለች።"

እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። ምንም እንዳይቀር የምትፈልግ ሴት አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ። ቅጹ በአፋን ኦሮሞ የሚሞላ ስለሆነ ማታ ቤቴ መዝገበ ቃላቴን ገልጬ አረጋገጥኩና "ሰአ ሆርማታ ቶኮ" ብዬ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ። አንዲት የእርባታ ላም ማለት ነው። ርቢና እርባታ ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው፣ ምን ያጠራጥራል? በማግስቱ አነበብኩላትና በቃሏ መሠረት ማለች፣ ፈረመች። አፋን ኦሮሞ በደንብ ብትናገርም አሰልቺ አነባበቤን ተከትላ "እሺ፣ እሺ" ነበር የምትለው። እኔን አምናኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የመዝገብ ቤቱ ሬጅስትራር አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ከእኔ በላይ የሚያከር ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

"አዴ፣" አለኝ በአክብሮት፣ "ይቺ ደንበኛዎ ድሃ ናት ወይስ ባለሀብት?"

"ምን ማለትህ ነው?"

ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ጣቱን አሳረፈበት። "የእርባታ ላም። ያቺ ጥቁርና ነጭ፣ ጡቷ መሬት ሊነካ የሚደርሰው ማለት እኮ ነው። አጎቴ አንዷን ለመግዛት ማሳውን አከራይቷል። ላሚቱ ብትሸጥ ክፍያው ተከፍሎ ይተርፋል።"

"ኧረ የገጠር ላም ናት!"

"ወረቀቱ እንዲያ አይልም። የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

ምን ልበል? የእኔው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያውም የሚያምር። የይግባኙ ጊዜ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። ሬጅስትራሩ አቤቱታውን ውድቅ አስደርጎ ሊመልሰው ይችል ነበር። እሱ ግን እርሳስ አንስቶ በዳር ላይ "ለማስተካከያ" ብሎ ጻፈ። "የሚመጣው ሐሙስ ዳኛው ዘንድ ይቀርባል። ላሚቱ እንዴት ያለች እንደሆነች የሚያስረዳ ሰው ይዛችሁ ቅረቡ። ካልሆነ ዓርብ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።" ያን ዕለት ግትር ነው ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ዛሬ ሳስበው፣ ያቺ የእርሳስ ቃል ባትኖር ኖሮ ሌላው ሁሉ አይኖርም ነበር።

ታዛዬ ሥር ተመልሼ ቁጭ አልኩ። የሱቁ ባለቤት ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ታዛውን ያለ ኪራይ ሰጥተውኝ ለዚያ የሚያስከፍሉኝ በቀልድ ነው።

"ምነው ጠበቃዬ፣" አሉኝ፣ "ፊትሽ ማኅተም የተነፈገ ወረቀት መሰለሳ?"

ነገርኳቸው። የርቢ ላም ስል ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"የርቢማ የእሷ አይደለችም!"

"እንዴት?"

"ላሚቱ የሌላ ሰው ናት። ከብት ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል። ተቀባይዋ ትጠብቃለች፣ ታበላለች፣ ወተቱን ለቤቷ ታደርጋለች። ላሚቱ ግን የሰጪው ናት። በኛም አገር አለ። እዚህ ኦሮሞዎቹ ደበሬ ይሉታል።"

"ደበሬ ተራ ማለት አይደለም እንዴ? ባጃጆቹ ተራ ሲጠብቁ የሚሉት?"

"ለባጃጅ ተራ ነው። ለላም ደግሞ ላም ነው።" ጎንበስ ብለው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት በአንድ ጣት ነካ አደረጉት። "ያ ሁሉ መጽሐፍ አንድ ላም የለውም?"

ሌላ ቀን ቢሆን እከራከራቸው ነበር። ያን ቀን የታየኝ ግን ሴትዮዋ ወላሂ ብላ መፈረሟ ነው። እሷ እውነቱን ተናገረች፣ እኔ በእሷ መሃላ ሥር ሐሰት ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልገፋኝም፤ በጥንቃቄ፣ አጣርቼ፣ በሁለት ቀለም አስምሬ ነው የተሳሳትኩት።

ጠረጴዛዬን ሳልሰበስብ ባጃጅ ይዤ ማረሚያ ቤት ወረድኩ። ቀኔ ባይሆንም ሳጅኗ ፊቴን አይታ አስገባችኝ። ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች።

"እንግዲያው ሁለት ቀን ሙሉ ከብታም ሆኜ ከርሜያለኋ! ምነው ቀደም ብለሽ በነገርሽኝ እታለም፣ እኮራ ነበር።"

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። "ይግባኙ ካልገባስ?"

"ፍርዱ ይጸናል።"

"አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ። ቤቱ ከሄደ ከዚህ ስወጣ ወዴት ነው የምወጣው?"

የላሚቱ ባለቤት ማን እንደሆኑ ጠየቅኳት። ላሚቱን የወሰዱት እነዚያው ጎረቤቷ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ ኦሮሞ ሽማግሌ፣ አባዬ ትላቸዋለች። አካባቢው በግጭት በታመሰበት ክፉ ጊዜ አንድ ሰሞን የእሷ ቤተሰብ እሳቸው ቤት አድሯል፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ የእሳቸው እሷ ቤት አድሯል። ከብቶቿ በዚያው ሲያልቁ አንድ ጠዋት ላሚቱን ከነጥጃዋ ነድተው መጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ በሯ ላይ አስረዋት ሄዱ። ስለ ላሚቱ ከዚያ ወዲያ ተነጋግረው አያውቁም።

"ስልክ አላቸው?"

"አላቸው። ኔትወርክ ነው የሌላቸው።"

እዚህ ላይ ሳጅኗ ነገሩን ከእጄ ወሰደችው። ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ አብራኝ መጣች። ወደ ጊዳ አያና የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት በፊት እሷ ዘንድ፣ በወንዶቹ በኩል፣ ስድስት ወር የተቀመጠ ሰው ነው። "የኛ ምሩቅ ነው" ብላ አስተዋወቀችኝ። እሱም እጅ ነሳኝ። የቅዳሜ ገበያ ላይ ሽማግሌውን እንዲፈልግልን ነገረችው። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

"በቃል ይሻላል በርሲስቱ። ወረቀትሽን አየነው እኮ።"

ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድም። ሰኞ መንገዱ ተዘግቷል የሚል ወሬ መናኸሪያው ላይ ተናፈሰ። በዚያ ሰሞን መጽሐፍ ገልጬ ማንበብ አልቻልኩም፤ ለእኔ ይህ እንደ መታመም ነው። ለማን ልጸልይ፣ ማንን ልለምን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ባለ ሱቁ ያለ አንዳች ቀልድ ሻይ ይልኩልኝ ነበር፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ማረሚያ ቤቱ በር ስደርስ ግን አንድ ሽማግሌ በብትራቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል፤ በእጃቸው በኮባ ቅጠል የተከደነች ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። መንገዱ እስከ ጠዋት ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። ጀሪካኗ ውስጥ እርጎ ነበር፤ የዚያችው ላም።

እዚያ ምግብ የሚያስገባ ሰው ያመጣውን በበረኛው ፊት መቅመስ አለበት። ሽማግሌው ጀሪካኗን አንስተው መጠጣት ጀመሩ። ጠጡ፣ ጠጡ።

"ኧረ አባ!" አለ በረኛው። "ይቅመሱ አልን እንጂ ይጨርሱት አላልንም!"

"መንገዱ ረጅም ነው ልጄ፣" አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። "ደግሞ የሚጠረጠር ነገር በደንብ ነው የሚቀመሰው።"

ሴትዮዋን ሲያመጧት "ኢንተላ ኮ!" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። እሷ ደግሞ የራሷን ጤና ሳትናገር፣ የእሳቸውንም ሳትጠይቅ፣ "ላሚቱ ደህና ናት አባዬ?" አለች። ከዚያ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ዝናቡ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ያወሩ ጀመር። አንዳቸው በአንዱ የጀመሩትን ሌላቸው በሌላው ይጨርሱታል። ደብተሬን ይዤ ቆሜ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አስቀድሜ ብሰማ ኖሮ መዝገበ ቃላቱ አያስፈልገኝም ነበር እያልኩ አዳምጥ ነበር።

ሐሙስ ዳኛው ቢሮ ቀረብን። ማመልከቻ ጸሐፊ መናገር አይፈቀድለትም፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ከሳጅኗ ጋር ቆመች። ሬጅስትራሩ መዝገቡን ዘረጋ። ሽማግሌው ማሉ።

ዳኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። "ላሚቱ የማን ናት?" ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "የእሷ ናት" አሉ።

ሬጅስትራሩ ዞሮ አየኝ። ሳጅኗ "ወይኔ" አለች፣ ለራሷ ያለችው መስሏት፣ ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

"እርስዎ የሰጧት ናት ተብሏል" አሉ ዳኛው።

"አዎ።"

"ታዲያ የእርስዎ አይደለችም?"

"ጌታዬ፣" አሉ ሽማግሌው እንደ መከፋት ብለው፣ "ሰጥቻታለሁ። ያለችበት ቦታ ደግሞ መከራ ነው። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሰጠሁትን የእኔ ነው ልል ነው? ስትወጣ ትመለስላታለች። የእሷ ናት።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሰውዬው አልዋሹም። በእሳቸው አገር ደበሬ የሰጠ ሰው በአደባባይ ላሚቱ የኔ ናት አይልም፤ ያበሉትን እንደ መቁጠር ነው። ጨዋነታቸው ነበር ሴትዮዋን ገደል ሊከታት የደረሰው። እኔ በመጽሐፍ አበላሸሁት፣ እሳቸው ደግሞ በደግነት።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በዚያው አፋን ኦሮሞ፣ ግን እንደ ጎረቤት፣ "ጎጋን ኢሼ ከን ኤኙቲ?" አሏቸው። ላሚቱ ብትሞት ቆዳዋ የማን ነው ማለታቸው ነው።

"ቆዳውንማ ለእኔ ታመጣለች!" አሉ ሽማግሌው ሳያስቡ። "ካላየሁ መሞቷን በምን አውቃለሁ?"

ሳጅኗ ቀድማ ሳቀች። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሬጅስትራሩ እንኳ በመዝገቡ ፊቱን ከለለ። ሽማግሌው ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው በየተራ ያዩናል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ማስጻፍ ጀመሩ፤ ላሚቱ የምስክሩ መሆኗን፣ አመልካቿ በደበሬ ይዛት እንደነበር፣ ሌላ ክፍያውን ሊሸፍን የሚችል ንብረት እንደሌላት፣ ይግባኙ ያለ ዳኝነት ክፍያ እንዲከፈት። የከብት ባለቤት በቆዳው እንደሚለይ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አልጠየቅኳቸውም። ከመጽሐፍ እንዳላገኙት አውቃለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ሴትዮዋን በጭንቀት ጠየቋት። "ምንድን ነው ያሉት? ላሟን ቀሙሽ እንዴ ኢንተላ ኮ?"

"አይ አባዬ፣" አለቻቸው፣ "ወተቷን ትተውልኛል።"

ሬጅስትራሩ ያንኑ ከሰዓት፣ የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መዝገቡን ከፍቶ ቁጥር ሰጠው። ማኅተሙን ከመታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አዴ፣ እኔም ደበሬ ሲባል የማውቀው ተራ መጠበቅን ብቻ ነበር። ከተማ ነው ያደግኩት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ሌላ ሆኗል።

ምስጋና መጻፍ አልችልበትም። እኔ የማውቀው "ለክቡር ፍርድ ቤቱ" ብሎ መጀመርና "በትሕትና እጠይቃለሁ" ብሎ መጨረስ ነው። ለሽማግሌው ግን አንድ ነገር ልሰጥ ፈልጌ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የመኪና ልክፈል ስል ብትራቸውን መሐላችን አደረጉ። "ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?" አሉኝ። ስሕተቴን ሊነግሩኝ መስሎኝ አቀረቀርኩ። "ገለቶሚ" አሉኝ፤ አመሰግናለሁ። መኪናው እስኪወጣ እዚያው ቆምኩ።

ይግባኙ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሌለችበት የተሰጠውን ፍርድ ሽሮ፣ እሷ ባለችበት እንደገና ይሰማ ብሎ መለሰው። የማረሚያ ቤቱ መኪና ሁለት ጊዜ ወደ ጊዳ አያና አመላለሳት። ቤቱ ሲሠራ እንጨት ያቆሙ፣ ጭቃ ያቦኩ ጎረቤቶች፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮሞውም፣ ቀርበው ባልና ሚስት አብረው የሠሩት መሆኑን መሰከሩ። የባሏ ወንድም የዳነ እጁን እያሳየ ስለ ዘነዘናው ሊያወራ ሲጀምር "ያ ተፈርዶበታል፣ ወደ ቤቱ ጉዳይ ተመለስ" ተባለ። ቤቱ የእሷ ሆኖ ተወሰነ።

የመጨረሻውን እዚያ ስላልነበርኩ ሳጅኗ ናት የነገረችኝ፤ ማክሰኞ ዕለት፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለአንዴ እንኳ ሳትስቅ። ከውሳኔው በኋላ ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ መንገዱ በቤቱ ፊት ያልፋል። ሴትዮዋ ላንዴ ልውረድ ብላ ጠየቀች። ሳጅኗ አይቻልም አለቻት፣ ደንብ ነው። ግን ሾፌሩን በመስኮቱ መታ መታ አድርጋ ቀስ እንዲል ነገረችው። መኪናው በእግር የመሄድን ያህል አዘገመ። ሴትዮዋ በሽቦው መስኮት ግንባሯን አስደግፋ፣ አጥሩ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ተመለከተች።

"አለቀሰች?" አልኳት ሳጅኗን።

"እኔም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ዞር ብላ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'የጣሪያው ምስማር ለቋል። ስወጣ ክረምት ሳይገባ መመታት አለበት።'"

ከዚያ እስከ ነቀምቴ ድረስ ስንት ምስማር እንደሚበቃ ከሾፌሩ ጋር ስትከራከር መጣች አለችኝ።